ስለ መስኖ አፈርና በውስጡ ስለሚኖሩ ደቂቃን ፍጥረታት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በክልላችን የመስኖ እርሻን ለምታቅዱ፣ የሰብል ጥበቃንና የአፈር ለምነትን ሥራ ለምትመሩ፣ የምርት መመሪያ አዘጋጅታችሁ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ ለምትልኩ ክቡራን ኃላፊዎችና ባለሙያዎች።

ክቡራን ሆይ፤

 የምጽፍበት ጉዳይ በአንድ ሰው ማሳ የሚወሰን ስላልሆነና በቀበሌ ስብሰባ ላይ በተነሣ ቍጥር «ወደ በላይ እናቀርበዋለን» ከመባል አልፎ መልስ ስላላገኘ፣ በአደባባይ መጻፌን ከድፍረት ሳትቈጥሩብኝ እንደ አንድ አቤቱታ እንድትቀበሉልኝ እለምናለሁ። እኔ ዘመኔን በመምህርነት አሳልፌ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ፣ በዱርቤቴ ዙሪያ ከአባቴ በወረስሁት ጥቂት ቃዳ ቀይ መሬት ላይ፣ ክረምት በቆሎና ዳጉሳ፣ በጋ ደግሞ ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ ሽንኩርትና ድንች እያመረትሁ የምኖር ሰው ነኝ።

ለበጋው መስኖ የወረደልን መመሪያ፣ በስብሰባ እንደ ተነገረን፣ ማሳዎቻችን ኩታ ገጠም ሆነው አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ሰሞን እንዲዘራባቸው፣ ለዚህም ሲባል በማሳና በማሳ መካከል ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የቆየው የሣር ወሰን ታርሶ እንዲጠፋ፣ ተባይ ታየም አልታየም መድኃኒቱ በተቈረጠለት ቀን በሁሉም ማሳ ላይ እንዲረጭ ያዝዛል። የኩታ ገጠምን ጥቅም የምክድ ሰው አይደለሁም፤ ውኃው በተራ ሲለቀቅ፣ ትራክተር ሲገባ፣ ነጋዴው ምርቱን በአንድ ጊዜ ሲጭን ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ማዳበሪያንም፣ ምርጥ ዘርንም፣ በቸገረ ጊዜ መድኃኒትንም አልነቅፍም። የምነቅፈው፣ ይህ ሁሉ ሲታቀድ አፈሩ ውስጥ ማን እንደሚኖር የጠየቀ ሰው አለመኖሩን ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከቅጹ ነው። የልማት ሠራተኛችን ትጉህና ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ በእርሱ ላይ አንዳች ክስ የለኝም። እርሱ እየዞረ የሚሞላው ቅጽ ግን የሄክታሩን ስፋት፣ የማዳበሪያውን ኩንታል፣ የዘሩን ኪሎ፣ የመድኃኒቱን ሊትር፣ የተጠቃሚውን ወንድና ሴት ለይቶ ሲጠይቅ፣ ከመሬት በታች ላለው ሕይወት አንዲት ዓምድ እንኳ አልተወለትም። ሳይቈጠር የኖረ ነገር ሲጠፋም የሚቈጥረው ስለማይኖር፣ ጥፋቱ በሪፖርት ላይ ልማት ሆኖ ይነበባል፤ የተረጨው ሊትር በጨመረ ቍጥር ዕቅዱ ከመቶ በላይ ተከናወነ ይባላልና።

አፈር ሕይወት እንዳለው ለእናንተ ለተማራችሁት ማስረዳት የእኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ከጠረጴዛ ሆኖ የሚታየውና ማሳ ላይ ተንበርክኮ የሚታየው አንድ ስላልሆነ ያየሁትን ልናገር። ባለፈው በጋ ርዝመቱና ስፋቱ 25፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጕድጓድ በሁለት ቦታ ቈፈርሁ፤ አንደኛውን ከጓሮዬ፣ መድኃኒት ካልደረሰበት፣ እበትና የበቆሎ አገዳ ሲጣልበት ከኖረው ማዕዘን፣ ሁለተኛውን ደግሞ በየሳምንቱ ከሚረጨው የሽንኩርት መደብ። አፈሩን በሰፌድ ላይ አፍስሼ በጣቴ እየፈረፈርሁ ስመረምረው፣ ከጓሮው የወጣው ጓል ውስጥ ለውስጥ የተበሳሳ፣ በየቀዳዳውም ዙሪያ ጠቈር ያለ ልስን የተለሰነበት ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ግራጫና ሐምራዊ የምድር ትሎች፣ አንዳንዶቹም ድርቁን ለማሳለፍ በገዛ ልጋጋቸው ባበጇት ክብ ክፍል ውስጥ ተቋጥረው የተኙ፣ መቶ እግር፣ ነጫጭ የጢንዚዛ እጮች፣ ዓይን እስኪለምዳቸው ድረስ አፈር የሚመስሉ ዘላይ ነፍሳት፣ የመዥገር ዘመድ የሆኑ ቀያይ ደቂቃን ወጡ። ከሽንኩርቱ መደብ የወጣው አፈር ሲጨብጡት ይጋገራል፣ ሲለቁት ዱቄት ይሆናል፤ ከነጭ የሽንኩርት ሥር በቀር አንዳችም የሚንቀሳቀስ ነገር አላገኘሁበትም።

እዚህ ላይ፣ ክቡራን፣ ነገሩን ይበልጥ የሚያስከፋ አንድ ምክንያት አለ። በእኛ አገር ዝናቡ ካቆመ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ቀዩ መሬት ስለሚደርቅ፣ የምድር ትል ወደ ጥልቁ ወርዶ ከመተኛት በቀር ምርጫ የለውም። መስኖ ይህን ሕግ ይለውጣል፤ በጥርና በየካቲትም ርጥበት ስለሚያገኝ ትሉ ወደ ላይ ወጥቶ ዓመቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። በሌላ አነጋገር መስኖ ለገበሬው ሁለተኛ መኸር እንደ ሰጠው ሁሉ ለእነዚህ ፍጥረታትም ሁለተኛ ክረምት ይሰጣቸዋል። ታዲያ ውኃውን ተከትለው በወጡበት ሰሞን የሚቀበላቸው ካራቴና ማላታይን ነው፤ በበጋው ድርቅ ተኝተው ቢቀሩ ኖሮ ይተርፉ የነበሩት በመስኖው ምክንያት ነቅተው ያልቃሉ።

በጉባኤ ቤት ሥነ ፍጥረት ሲተረጐም፣ በዕለተ ዓርብ ከምድር የተገኙት ፍጥረታት በእግር የሚሽከረከሩ፣ በልብ የሚሳቡ፣ በክንፍ የሚበሩ ተብለው እንደሚለዩና አዳም ከእነርሱ በኋላ እንደ ተፈጠረ ከመምህራን ሰምተናል። ይህን የማነሣው ስብከት ለመስበክ ፈልጌ አይደለም፤ በልብ የሚሳቡት ለመሬቱ ከእኛ ይልቅ ቀደምት ባለ ርስት መሆናቸውን የአገራችን ሰው ሳይንስ ሳይነግረው ያውቅ እንደ ነበር ለማስታወስ ብቻ ነው። ሳይንሱም ቢሆን የዘገየ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን በሕይወቱ የመጨረሻ የሆነውን መጽሐፉን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1881፣ ስለ ምድር ትል ብቻ ጽፎ፣ በብዙ የእንግሊዝ አገር ክፍሎች በአንድ ኤከር፣ ይኸውም ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ፣ ትሎች በየዓመቱ ከዐሥር ቶን በላይ ደረቅ አፈር በሆዳቸው አሳልፈው ወደ ላይ እንደሚያወጡ ገምቷል። ያ ሊቅ ስለ ሰው ዘር የጻፈው ዓለምን ሲያከራክር፣ ስለ ትል የጻፈው ግን ዛሬ ብዙም አይነሣም፤ ለእኛ ለገበሬዎች የሚጠቅመው ግን ይኸው ነበር።

ትሉ በእኛ ቀይ አፈር ላይ የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር ማየት ይገባል። ማረሻችን ዘመኑን ሁሉ በአንድ ጥልቀት ስለሚያልፍ፣ ከበታቹ ያለው አፈር እየጠጠረ ሄዶ ውኃም ሥርም የማያሳልፍ ንጣፍ ይሆናል፤ ይህን ንጣፍ ያለ ደመወዝ የሚበሱት የምድር ትልና ምስጥ ናቸው። እነርሱ በሌሉበት ማሳ ላይ የመስኖ ውኃ ሲለቀቅ ከላይ ተኝቶ ይውላል፤ ገበሬውም ውኃ በቃኝ ብሎ ቦዩን ይዘጋል፣ ሁለት ክንድ ወርዶ ቢቈፍር ግን ደረቅ አፈር ያገኛል። በውኃ ተራ ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ የውኃ አባቱ ሲወቀስ፣ ከጠቡ ሥር ካሉት ምክንያቶች አንዱ የተደፈነው አፈር መሆኑን የሚያስብ የለም።

የአፈሩ መኮምጠጥም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከአገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ኮምጣጣ መሆኑን፣ የጎጃም ቀይ አፈርም ከተጐዱት መካከል መሆኑን እናንተው ስታስተምሩን ኖራችኋል። ዝናብ የሚያጥበው፣ አዝመራውም ሲነሣ አብሮ የሚሄደው ካልሲየምና ማግኒዥየም፣ በየዓመቱ የሚጨመረውም ዩሪያ አፈሩን እያኮመጠጡት ሲሄዱ፣ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥርን ይመርዛል፤ አብዛኛው የምድር ትልም እንዲህ ያለውን አፈር ለቅቆ ይጠፋል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ አገዳው ለከብት ይሄዳል፣ ስለዚህ የተረፈውም ትል የሚበላው የለውም። ገበሬው «መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል» ሲል ትሰሙታላችሁ፤ ያው ምርት እንዲገኝ በየዓመቱ የበለጠ ማዳበሪያ ይጠይቀዋል ማለቱ ነው። ማዳበሪያውን ከሥሩ የሚያገናኙት፣ የወደቀውን ቅጠል ፈጭተው ለሥር የሚያደርሱት ደቂቃን በሌሉበት መሬት ላይ ኩንታል መጨመር፣ እርሾ ባልገባበት ሊጥ ላይ ዱቄት እንደ መጨመር ነው።

ስለ ምስጥ ደግሞ ጥቂት ልናገር፤ ይህ ፍጥረት በመመሪያችሁ ውስጥ ስሙ የሚነሣው በጠላትነት ብቻ ነውና። ቤት የሚበላ፣ በቆሎ የሚጥል ምስጥ እንዳለ እኔም በገዛ ጎተራዬ አይቻለሁ። ነገር ግን የምስጥ ዘር ብዙ ነው፤ ሕይወት ያለውን ሰብል ከሚነካው ይልቅ ደረቁን ገለባና እንጨት ወደ አፈር የሚመልሰው ይበልጣል። የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ፣ ዝናብ ያልዘለቀውንና እንደ ድንጋይ የደረቀውን መሬት ትንንሽ ጕድጓድ እየቈፈረ እበትና ቅጠል ሲጨምርበት፣ ያን ያሸተተ ምስጥ መጥቶ ቅርፊቱን ስለ በሳሳለት ውኃው ሰርጎ መሬቱ ዳግመኛ ማሽላ አበቀለ፣ ዛፍም አወጣ፤ በዚህም ሥራው በ2018 በአውሮፓ አቈጣጠር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። እኛ ኩይሳ ባየን ቍጥር መርዝ እንድናፈስበት ስንመከር፣ በሌላው የአፍሪካ ዳርቻ ያለ ገበሬ በዚያው ፍጥረት አማካይነት በረሐ መልሶ አረሰ።

አሁን ወደ ርጭቱ ልምጣ። የአሜሪካ ተምች የሚባለው መጤ ተባይ በ2017፣ በእኛ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም.፣ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ፍርሃታችሁ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባኛል፤ በቆሎ ለምዕራብ ጎጃም እንጀራውም ገንዘቡም ነውና። ሆኖም ተምቹ ሕይወቱን ሁሉ በቅጠል ላይ አያሳልፍም። በልቶ ካደገ በኋላ ከአገዳው ወርዶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይተኛና የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። በጥጥና በሽምብራ ላይ የሚታወቀው ጓይ ትልም እንዲሁ ያደርጋል። እንግዲህ በዚያ በሚተኛበት ጊዜ፣ መርጫችሁ በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ ገብቶ የሚበላው ማን ነው? ጉንዳን ነው፣ በሌሊት የሚያድነው ጥቁሩ ጢንዚዛ ነው፣ መቶ እግር ነው። እነዚህ አዳኞች ቀን ቀን የሚጠለሉት፣ በእርሻ ጊዜም የሚሸሹበት በዚያው መመሪያው እንዲታረስ ባዘዘው የሣር ወሰን ውስጥ ነው። ወሰኑ ታርሶ፣ ተባይ ሳይታይ መድኃኒት ሲረጭ፣ በመጀመሪያ የሚያልቀው አዳኙ ነው፤ ተምቹ ግን ከጎረቤት ወረዳ በርሮ ሲመጣ ጠባቂ የሌለው ማሳ ይጠብቀዋል። ከዚያም ሁለተኛ ርጭት፣ ሦስተኛ ርጭት ይታዘዛል። በገበያ ቀን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ፣ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጠውን መድኃኒት፣ በጠርሙስ ክዳን የሚለካውንም መጠን እዚህ ላይ ብጨምር ደብዳቤው ስለሚረዝም፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674/2002 ከወጣ ብዙ ዓመት ማለፉን ብቻ አስታውሼ አልፋለሁ።

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ አገራችን አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ ያየችውም በጥጥ ነው። በአዋሽ ሸለቆ፣ በተንዳሆና በአሚባራ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰፋፊ የመስኖ ጥጥ እርሻዎች ሲቋቋሙ፣ በዚያ ዘመን የነበሩት ባለሙያዎች እንደ እናንተ ሁሉ በጎ አሳቢዎች ነበሩ፤ ጥጡም የአገሩን ፋብሪካ መግቧል። ይሁን እንጂ ውኃው መፋሰሻ ሳይበጅለት በየዓመቱ ሲለቀቅ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ መጣ፣ ጨውንም ይዞ መጣ፤ በአሚባራ በሺህ የሚቈጠር ሄክታር ነጭ ጨው ለብሶ ተትቷል። በላይ ደግሞ አውሮፕላን መድኃኒት ይረጭ ነበር። ከጥጥ እርሻ ጋር ስሙ ተያይዞ የኖረው እንዶሰልፋን የተባለው መርዝ በ2011 በአውሮፓ አቈጣጠር በስቶክሆልም ስምምነት ከዓለም እንዲወገድ ሲወሰን፣ በጥጡ መደብ ውስጥ ከእርሱ በፊት ምን ምን ፍጥረት ይኖር እንደ ነበር የሚያስረዳ መዝገብ ማን አለው? ኩንታሉ ተጽፏል፤ ሄክታሩ ተጽፏል፤ የጠፋው ግን ሳይጻፍ ጠፋ።

በዚያው በጥጥ ደግሞ የተሻለ ነገር ታይቷል። በአርባ ምንጭ አካባቢ ያሉ አነስተኛ ጥጥ አምራቾች፣ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ባዘጋጀላቸው የገበሬዎች የማሳ ትምህርት ቤት ተሰብስበው፣ ማሳቸውን እየዞሩ የጎጂውንና የጠቃሚውን ነፍሳት ብዛት መቍጠር ተማሩ። ከበቆሎና ከእርሾ የተዘጋጀ ምግብ በጥጡ ላይ እየረጩ ጓይ ትልን የሚበሉትን ነፍሳት ወደ ማሳቸው ይጠራሉ፤ መርዝ ትተውም ጥጥ አምርተው ሸጠዋል። ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ገበሬዎች ከእኛ የሚበልጡበት የተለየ መሣሪያ የላቸውም። ቈጠሩ፣ ከቈጠሩ በኋላ ወሰኑ። እኛ የምንወስነው በቀን መቍጠሪያ ነው።

በቅርባችን ያለውን የቆጋን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይህ ደብዳቤ ጐደሎ ይሆናል። በሜጫ፣ በመርዓዊ አጠገብ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራው ያ ግድብ፣ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይዞ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታሰበው፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲያጠጣ ቆይቷል። ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ በበጋ ያንን አረንጓዴ መሬት አይቶ ይደሰታል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ስንዴው፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ አሁን አሁንም አቮካዶው የብዙ ቤተሰብ ሕይወት ለውጧል። ነገር ግን ቆጋ ለእኛ ለጎረቤቶቹ አርአያ ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚደረገው ሁሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ በየወንዙ ዳር ይደገማል፤ ስለዚህ በቆጋ አፈር ውስጥ ያለው ሕይወት ውኃው ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል የሚለው ጥያቄ የቆጋ ገበሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በመስኖ ከሚለማውና ከቦዩ ውጭ ከቀረው መሬት አፈር ወስዶ ማመሳከር ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ይበቃ ነበር፤ መሬቱ ቅርብ ነው፣ ባሕር ዳርም ቅርብ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ብታዝኑብኝም፣ ሳልጠቅስ አላልፍም። በቅርብ ዓመታት የትል ኮምፖስት እንድናዘጋጅ ሥልጠና ተሰጥቶን፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ቀይ ትል እያረባን ነው፤ ሥራው መልካም ነው፣ ውጤቱንም በጐመን መደቤ ላይ አይቻለሁ። ነገር ግን ያ የሣጥን ትል ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በእበትና በበሰበሰ ቅጠል ክምር ውስጥ ካልሆነ የማይኖር ዘር ነው፤ በቀይ አፈር ውስጥ ቢለቁት የማሳውን ትል ቦታ አይተካም። ስለዚህ ጧት በሣጥን ትል እንድናረባ ሠልጥነን፣ ከሰዓት በኋላ የማሳውን ትል በመርጫ እንድናጠፋ ስንታዘዝ፣ ሁለቱ መመሪያዎች የወጡት ከአንድ ሕንፃ ይሁን ከሁለት ሕንፃ አናውቅም፤ ማሳው ላይ ግን በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይገናኛሉ።

እንግዲህ የምለምነውን በግልጽ ላቅርብ። ከሁሉ በፊት ያ ቅጽ አንድ ዓምድ ይጨመርለት። የልማት ሠራተኛው በየቀበሌው ጥቂት ማሳዎችን መርጦ፣ በመስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በመስኖው አጋማሽም አንድ ጊዜ፣ እኔ እንደ ቈፈርሁት ያለ ጕድጓድ ይቈፍር፤ የሚታየውን የምድር ትል፣ ጢንዚዛ፣ መቶ እግር፣ ጉንዳንና ምስጥ ለይቶ ይቍጠር፤ ለዚህ አካፋ፣ ሰፌድና እርሳስ እንጂ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በሌሊት የሚዘዋወሩትን ለማየት ደግሞ አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የተቀበረ ጣሳ ይበቃል። የቍጥሩ ውጤት ከኩንታሉ ጋር አብሮ በቀበሌው ጉባኤ ይነበብ። በማየት ያላመነ ገበሬ ካለም፣ በአውስትራልያ የመስኖ ጥጥ አምራቾች የሚያደርጉትን እናድርግ፤ እነርሱ የአፈራቸውን ሕይወት ለመፈተን ከጥጥ የተሠራ የውስጥ ሱሪ በማሳቸው ቀብረው ከስምንት ሳምንት ያህል በኋላ ያወጡታል፣ አፈሩ ሕያው ከሆነ ከወገቡ ላስቲክ በቀር የሚቀር የለም። በእኛ አገር ነውር እንዳይሆን አንድ ክንድ አቡጀዲ ይበቃናል።

ቀጥሎም፣ በቀን መቍጠሪያ የሚደረገው ርጭት ቀርቶ ማሳው ታይቶ፣ የተጐዳው ተክል ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ተቈጥሮ፣ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ብቻ እንዲረጭ መመሪያው ይታረም፤ ልኩንም በአማርኛ ጽፋችሁ በአንድ ገጽ ስጡን። መርጨት የግድ በሆነ ጊዜ ደግሞ ውኃ በተለቀቀ ማግሥት እንዳይሆን፣ ፍጥረታቱ ወደ ላይ የሚወጡት ያን ጊዜ ስለ ሆነ፣ በሥልጠናው ላይ ይነገር። የሣር ወሰኖቻችንም ይተዉልን። ትራክተር ለማዞር የሚያስቸግሩ ከሆነ ከሁለት ወሰን አንዱ ይቅር፣ ወይም በቦዩ ዳር ስፋቱ አንድ እርምጃ የሆነ ሣር ይተካ፤ በዚህ በኩል እኛም ለመደራደር ዝግጁ ነን። ኖራውን በተመለከተ፣ የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ ለሁሉ በትንሽ በትንሹ ከሚበተን ይልቅ፣ አገዳውንና እበቱን በማሳው ለማስቀረት ለተስማማ ገበሬ በቅድሚያ ቢሰጥ፣ ኖራውም ትሉም አብረው ይሠሩ ነበር።

ይህን ስጽፍ ከእናንተ መካከል «ሕዝቡ ስንዴ ይፈልጋል፣ አንተ ትል ትቈጥራለህ» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ለዚህ ክርክር መልሴ ማሳዬ ነው። ከማሳዬ ግማሽ ቃዳ የሚሆነውን፣ በሚቀጥለው መስኖ፣ እናንተ በምታዝዙት ባለሙያ ቍጥጥር ሥር፣ ወሰኑ ሳይታረስ፣ ተባዩ ተቈጥሮ ከልኩ ካላለፈም መድኃኒት ሳይረጭበት ላርሰው፤ አጠገቡ ያለውን ግማሽ ቃዳ ደግሞ አሁን ባለው መመሪያ መሠረት ላልማው። ኪሳራ ቢመጣ ኪሳራው የእኔ ነው። የምለምነው ሁለቱ ማሳዎች በአንድ ሚዛን እንዲመዘኑ፣ ሚዛኑም ምርቱን፣ የመድኃኒቱንና የማዳበሪያውን ወጪ፣ የአፈሩንም ነፍሳት አብሮ እንዲይዝ ነው። ሁለት ጎረቤቶቼም በየማሳቸው ይህንኑ ለማድረግ ፈቃደኞች መሆናቸውን በፊቴ ተናግረዋል።

የመስኖው ቦይ የሚጠረገው በኅዳር ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ቢያንስ የወሰኑ ማረስ ትእዛዝ ለጊዜው እንዲቆም የሚገልጽ ደብዳቤ ለወረዳችን እንድትጽፉልን፣ ስለ ቀሪው ጥያቄም የሚወያይ ባለሙያ ወደ ዱርቤቴ እንድትልኩልን በታላቅ አክብሮት እጠብቃለሁ። የሚመጣው ባለሙያ አካፋ ይዞ መምጣት አያስፈልገውም፤ አካፋው ከእኛ ዘንድ አለ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

ከዱርቤቴ፣ ደቡብ አቸፈር
አንድ ጡረተኛ መምህርና የመስኖ ገበሬ